ጋብቻን የሚያውቀው ሰው ነው እንጂ የባንክ ደብተር አይደለም

የአሜሪካ የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት ሐምሌ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ በጋብቻና በቤተሰብ የሚገቡ ማመልከቻዎችን ከበፊቱ አጥብቆ እንደሚመረምር አስታውቋል። ጋብቻው እውነተኛና ሊረጋገጥ የሚችል መሆን አለበት ይላል። መመሪያው በዚያው ቀን ሥራ ላይ ውሏል፤ ቀደም ብለው ገብተው ውሳኔ የሚጠብቁ ፋይሎችንም ይመለከታል። እኔን ይበልጥ ያስቆጣኝ ግን ከዚያ ወዲህ ከራሳችን ሰዎች አፍ የምሰማው ነው፦ «ትዳሩ እውነተኛ የሆነ ሰው ምን ያስፈራዋል? ወረቀቱን አምጥቶ ያሳይ።»

እንዲህ የሚሉ ሰዎች ወይ ፋይል ሰብስበው አያውቁም፣ ወይ የሰበሰቡበትን ዘመን ረስተውታል። ሁለት ሰዎች ሲፋቀሩና ሲጋቡ፣ ከዓመታት በኋላ በመስታወት መስኮት በኩል አንድ ቆንስል ምን እንደሚጠይቃቸው እያሰቡ ደረሰኝ አያጠራቅሙም። በየወሩ ልብስ ቀይሮ ፎቶ የሚነሳው፣ የቫይበሩን መልእክት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሥርዓት የሚያስቀምጠው፣ የላከውን እያንዳንዱን ዶላር በደረሰኝ የሚያስመሰክረው ማን ነው? ገና ሲነሳ ለቆንስሉ ብሎ የተጋባው ነው። በገንዘብ የተቀናበረ ጋብቻ ከፋይሉ ሌላ ምንም የለውም፤ ስለዚህ ፋይሉን ያሳምረዋል። ወረቀት የበዛለትን እውነተኛ፣ ያነሰበትን ሐሰተኛ የሚል ሚዛን አጭበርባሪውን አሳልፎ አገር ቤት ሆና ባሏን የምትጠብቀውን እውነተኛ ሚስት ይጥላል።

አሜሪካ ያለው ሰው ለትዳር ጓደኛው ወይም ለቤተሰቡ የሚያስገባው ማመልከቻ፣ የአይ 130 ቅጽ፣ መመሪያው የሚዘረዝራቸውን ማስረጃዎች አንብቡ። በጋራ የተያዘ ንብረት፣ ሁለቱም በአንድ አድራሻ የሚኖሩበት የኪራይ ውል፣ የተቀላቀለ ገንዘብ፣ የጋራ ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ ጋብቻውን የሚያውቁ ሰዎች ቃለ መሐላ፣ በመጨረሻም ሌላ ማንኛውም ተገቢ ሰነድ። ባል አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሚስት ደሴ ብትሆን የትኛውን ቤት ነው አብረው የሚከራዩት? ቪዛውን የሚጠይቁት እኮ አብረው ለመኖር ነው! የሚለምኑትን ነገር አስቀድመው እንዲያሳዩ መጠየቅ ምን ዓይነት ምርመራ ነው?

ገንዘቡንም ተመልከቱ። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመራ እስኪወሰን ድረስ የባንኩ ምንዛሪና የጥቁር ገበያው ዋጋ እጅግ የተራራቁ ስለነበሩ፣ ስንቱ ሰው ለሚስቱ በሚያውቀው ሰው በኩል ወይም ወደ አገር ቤት በሚሄድ መንገደኛ እጅ ይልክ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ያ ገንዘብ የቤት ኪራይ ከፍሏል፣ መድኃኒት ገዝቷል፤ ደረሰኝ ግን የለውም። የስልኩስ ነገር? ከጥቅምት 2013 መጨረሻ ጀምሮ ትግራይ ስልክም ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦባት ነበር። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል። የሚስቱን ድምፅ ሳይሰማ እንቅልፍ አጥቶ የከረመን ሰው «በእነዚህ ወራት ለምን አልተደዋወላችሁም?» ብሎ በጥርጣሬ መጠየቅ ጭካኔ ነው።

የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ራሱ መከራ አለበት። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት በቤተ ክርስቲያን የቆረቡ፣ በኒካህ የተሳሰሩ ወይም በባህል የተጋቡ ብዙዎች ወረቀቱን የሚያወጡት የቪዛ ፕሮሰስ ሲጀምሩ ነው። ያኔ የምዝገባው ቀንና የሠርጉ ቀን ይራራቃሉ፤ መራራቁም ሌላ ጥያቄ ይወልዳል።

በእኛ ዘንድ ጋብቻ እንዴት እንደሚጸና የማያውቅ አንባቢ የለም። ሽማግሌ ይላካል። የልጅቱ ቤተሰብ የልጁን ዘር ያጣራል፣ ጠባዩን ይጠይቃል፣ አንዳንዴ ሽማግሌዎቹን ደጋግሞ ያመላልሳል። ጥሎሽ ይመጣል፣ ሠርግ ይደገሳል፣ መልስና ቅልቅል ይከተላል። እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤቱ እንጀራ ይጋግራል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለፈን ጋብቻ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። የሽማግሌነት ክብሩን በሐሰት ጋብቻ ላይ የሚያስይዝ አዛውንት እኔ አላውቅም። ባልና ሚስቱ ቢጣሉ አስታራቂ ሆኖ የሚጠራው፣ ቢፋቱ የሚወቀሰው እሱ ነውና። የትኛው ባንክ ነው የጋራ ሒሳብ ሲከፍት ይህን ያህል የሚያጣራው? አንድ ላይ ቀርቦ ፊርማ ማኖር በቂ ነው፤ ሒሳቡ በዚያው ቀን ይከፈታል።

ሕጋችንም የሚለው ይህንኑ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የተፈጸመውን፣ በሃይማኖት የተፈጸመውንና በባህል የተፈጸመውን ጋብቻ እኩል ያውቃል። ምስክር ወረቀት በሌለ ጊዜም ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውን፣ ቤተሰቡና ማኅበረሰቡም እንዲሁ አድርጎ እንደሚያውቃቸው አይቶ ጋብቻውን ይቀበላል። ማኅበረሰቡ ማስረጃ ነው ማለት ነው። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ የራሳቸውን ፍርድ ቤት ቢሰሙ ከዚህ ብዙ አይርቁም። የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1975 ባርክ በተባለ ስደተኛ የጋብቻ ጉዳይ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ሁለቱ ሰዎች በተጋቡ ጊዜ አብረው ሕይወት ለመመሥረት አስበው ነበር ወይ? ስደተኛ ከዜጋው ይልቅ የተለመደ ወይም የተሳካ ትዳር እንዲኖረው ሊገደድ እንደማይችልም በግልጽ ተናግሯል። ታዲያ በሠርጉ ቀን የነበረውን ሐሳብ ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ማን ነው? በሠርጉ የነበረው ሰው ነው። የባንክ ሒሳቡ ያን ቀን ገና አልተከፈተም።

በትዳር ስም የሚነግዱ አሉ፤ አልክድም። ለእነሱ ግን እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት የሚያስከትል ሕግ አለ። ሲገባ ትዳሩ 2 ዓመት ላልሞላው የሚሰጠውም የ2 ዓመት ጊዜያዊ ግሪን ካርድ ነው፤ ከዚያ በኋላ እንደገና ይመረመራል። መንግሥት መቆጣጠሪያ አጥቶ ነው የሚለኝ ሰው አያሳምነኝም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን በመካከላችን ሆነው ፎርም የሚሞሉ ሰዎች ምክር ነው። «የሽማግሌ ደብዳቤ አያዩትም፣ አታስገቡት» ይላሉ። በአይ 130 ላይ 675 ዶላር፣ በኦንላይን ከሆነም 625 ዶላር ከፍሎ፣ ለስፖንሰርነቱ ገቢውን አስመስክሮ፣ የቀረውን ክፍያ ለመሙላት ተጨማሪ ሰዓት የሚሠራ ሰው ያለውን ትልቅ ማስረጃ ቤቱ እንዲያስቀር መምከር በደል ነው። ቃለ መሐላ በዝርዝሩ ውስጥ በስሙ ተጽፏል! አያዩትም የሚባለው በአብዛኛው ደብዳቤው ባዶ ስለሚሆን ነው። «ጨዋ ልጆች ናቸው፣ ይዋደዳሉ» የሚል ሦስት መስመር ማንንም አያሳምንም። ምስክሩ ሙሉ ስሙን፣ አድራሻውን፣ የተወለደበትን ቀንና ቦታ፣ ከተጋቢዎቹ ጋር ያለውን ዝምድና ይጻፍ። ከዚያ ያየውን ይናገር፦ ለሽማግሌነት መቼ እንደሄደ፣ ማን አብሮት እንደነበረ፣ የልጅቱ አባት ምን ብለው እንደመለሱ፣ ሠርጉ የት እንደተደገሰ፣ ባልየው ለመጨረሻ ጊዜ ሲመጣ የት እንዳረፈ። በአማርኛ ይጻፈው፤ ብቃቱን በፊርማው ያረጋገጠ ሰው ሙሉውን ወደ እንግሊዝኛ ይተርጉመው፤ ሁለቱ አብረው ይግቡ። ሚዜው ይጻፍ፣ ነፍስ አባቱ ወይም ኒካሁን ያሰሩት ሼኽ ይጻፉ፣ የእድሩ ሊቀመንበርም ድንኳኑን የተከሉበትን ቀን ይጻፉ። ፎርም ሞይውም ይህን ከፋይሉ ፊት ያስቀምጥ፤ የባንኩ ወረቀት ካለ ከኋላ ይከተል።