ጋሩለስ

ባለፈው ማክሰኞ ምሽት የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ እንደ ልማዷ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ቀረበች። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህሯ በየሳምንቱ 20 ከባድ ከባድ ቃላት ይሰጣሉ፤ ተማሪውም እያንዳንዱን ቃል በዓረፍተ ነገር አስገብቶ ቤት ውስጥ መናገሩን ወላጅ በፊርማው ያረጋግጣል። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ሳላነብ ስፈርም ኖሬአለሁ። በዚያ ምሽት ግን መነጽሬን አላወለቅሁም ነበርና በሰባተኛው መስመር ላይ «አባቴ ጋሩለስ ነው» የሚል አየሁ። ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቃት «ጥሩ ቃል ነው አባዬ፤ ላንተ ብዬ ነው የመረጥኩት» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ፈረምኩ።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መንገድ ዳር አሮጌ መጻሕፍት ከዘረጋ ልጅ ዘንድ ቆሜ፣ የሚገዛ ሰው መስዬ፣ አንድ መዝገበ ቃላት አገላበጥሁ። ለፍላፊ። ወሬ የማያልቅበት። ቃሉ መንጫጫት ከሚል የላቲን ግሥ የመጣ ሲሆን፣ የሥነ ሕይወት ሊቃውንትም ይህንኑ ስም ለአንዲት ጩኸታም የአውሮፓ ወፍ ሰጥተዋታል። «ጋሼ፣ ይገዛሉ ወይስ ያነባሉ?» አለኝ ሻጩ። ልጄ በጽሑፍ የሰደበችኝ ሳያንስ እኔው በፊርማዬ አጽድቄላታለሁ።

እኔ ለፍላፊ አይደለሁም። እንዲያውም ከአባባሎቻችን ሁሉ አብልጬ የምወደው «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ነው፤ በቀን አራት አምስት ጊዜ ሳልናገረው አልውልም፣ ጊዜ ካለኝም እህል ጎተራ ውስጥ እንዴት እንደሚነቅዝ ጨምሬ አስረዳለሁ። በሁለት ቃል ያለቀ ነገር ነው። እንግሊዞቹ ግን በሁለት ቃል አይረኩም፤ ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. ወርረው ፈረንሳይኛቸውን ካመጡባቸው ወዲህ ላሟ መስክ ላይ «ካው»፣ ሳህን ላይ ስትቀርብ «ቢፍ» ሆና ቀርታለች። ለነገሩ እኛስ ምን ይሻለናል? ሰው ቤቱ ሲናገር «አለ» ነው፤ ማይክሮፎን ከጨበጠ ግን ያው ወሬ «ገልጸዋል፣ አብራርተዋል፣ አስገንዝበዋል» ይሆናል።

ከባድ ቃል ምን እንደሚያመጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔም 11ኛ ክፍል ሳለሁ ስለ አያቴ ድርሰት እንድጽፍ ታዝዤ «ታላቅ ሴት ናቸው» ለማለት ፈለግሁ፤ «ቢግ» የሚለውን ቃል መምህራችን የሕፃናት ነው ብለው ስለሚሰርዙ መዝገበ ቃላት ገልጬ «ኮሎሳል» ጻፍሁ። በጥንት ዘመን በሮድስ ደሴት ቆሞ ከነበረው ግዙፍ ሐውልት ጋር ዝምድና ያለው ቃል መሆኑን በምን ልወቅ? መምህሩ ለክፍሉ በሙሉ ጮክ ብለው አነበቡት። ተማሪው በሳቅ ተንፈራፈረ። አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ነፋስ የሚያንገዳግዳቸው ቀጭን ሴት ነበሩ፤ ስሙ ግን እኔ ላይ ተለጠፈ። ካቻምና ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ ጋቢዬን ለብሼ በሐዘን እንደተቀመጥሁ፣ አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ከወዲያ ማዶ «ኮሎሳል!» ብሎ ተጣራ። ይቅር አላልሁም፤ እሱንም፣ መምህሩንም፣ መዝገበ ቃላቱንም።

የሚያናድደኝ ግን ይህ እንኳ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ስለደነገገ፣ ልጅቷ ከ9ኛ ክፍል ጀምራ ፊዚክሱንም ኬሚስትሪውንም የምትማረው በእንግሊዝኛ ነው። ባለፈው ወር የፊዚክስ ፈተናዋ ስለሚወድቅ ድንጋይ ጠይቆ፣ አየሩ ድንጋዩን የሚያዘገይበትን ኃይል «ኔግሌክት» አድርጉ ይላል። ችላ በሉት፣ አትቁጠሩት ማለት ነው። እሷ አስሉት ማለት መስሏት አንድ ሙሉ ገጽ አየር ስታሰላ ውላ ዜሮ አገኘች። ኔግሌክትን የማታውቅ ልጅ ጋሩለስን ታውቃለች! አባቷን የምትሰድብበት ቃል ተሰጣት፤ ፈተና የምታልፍበትን ማንም አላስጠናትም፤ ሃያውን ቃል የመረጠው ሰው የፊዚክስ ክፍሉን በር አንኳኩቶ «ልጆቹ የቸገራቸው ቃል የትኛው ነው?» ብሎ አያውቅም።

ይህንኑ ለመምህሯ አጭር ማስታወሻ ጽፌ ልልክ ተቀመጥሁ። ስለ ኖርማኖች፣ ስለ አያቴና ስለ ነቀዝ የግድ መነሳት ያለባቸው ነገሮች ስለነበሩ እነሆ አራተኛው ገጽ ላይ ነኝ፤ ኔግሌክት ገና አልደረሰም። ልጄ የዚህን ሳምንት ወረቀት ይዛ አጠገቤ ቆማለች። ባለቤቴ ከወጥ ቤት «ፈርምላትና ትተኛ፤ ሽሮውም ቀዘቀዘ» ትላለች። አሥራ ሁለተኛው ቃል ስለ እሷ ነው፤ ትርጉሙም «ዝምተኛ» ማለት እንደሆነ ዛሬ ሳልጠይቅ ተነግሮኛል። ፈረምኩ።