«ትንሽ ጠምዘዝ አድርገው» ላላችሁኝ ሁሉ

እሺ፣ ልተንፍስ። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ኮፈን ከፍቼ አጎንብሼ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ዛሬ ታገሡኝ።

መኪናዬ የናፍጣ ፎር ዊል ድራይቭ ናት፣ ባለ ቱርቦ፤ ቱርቦ ማለት አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ነው። ዳገት ላይ ትንሽ ሰነፍ ከማለቷ በቀር ምንም አልሆነችም ነበር። ጥፋቴ ይህንን ለአንድ መካኒክ መንገሬ ነው። «የቱርቦውን ግፊት ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው» አለኝ። ካቻቢቴውን ይዞ ገባ፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም፣ ወጣ። ከዚያ መኪናዋ እንደቆመች ነዳጅ ረገጠና አስጮኻት። «ሰማህ?» አለኝ። ሰማሁ። ምን እንደሰማሁ ግን እስካሁን አላውቅም።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ቆሞ የሚጮህ የናፍጣ ሞተር ጭነት የለበትም። ጭነት ከሌለ የሚቃጠለው ነዳጅ ጥቂት ነው፣ የሚወጣው ጭስም ጉልበት የለውም፣ ቱርቦውን የሚያሽከረክረው ደግሞ ያው ጭስ ነው። ስለዚህ ኒውትራል ላይ አስጩኾ የቱርቦ ግፊት ሞከርኩ ማለት ባዶ ጆንያ ተሸክሞ ጉልበቴን ለካሁ እንደማለት ነው። ልኩ የሚታወቀው ዳገት ላይ ነው፤ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ማርሽ ገብቶ፣ ነዳጁ እስከ ወለሉ ተረግጦ፣ አጠገብህ የተቀመጠ ሰው ጌጁን፣ የግፊት መለኪያውን፣ እያነበበልህ። ጌጅ! ሰውየው ጌጅ እንኳን አልነበረውም። በጆሮ ነው።

በማግስቱ ዳገት ጀመርኩ። ሞተሯ በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ ሲደርስ እንደተለቀቀ ፈረስ ተወረወረች። ደስታዬን ሳልጨርስ ጉልበቷ ድርግም። የቼክ ኢንጂን መብራት በራ። ከኋላዬ የጭነት መኪና ክላክስ፣ ከፊቴ የቀረው ዳገት ሁሉ፣ እኔ በብስክሌት ፍጥነት እየዳህኩ። ጥግ ይዤ አጥፍቼ ሳስነሳት ደህና ሆነች። ደግሞ ዳገት፣ ደግሞ ያው። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለማዳን ነዳጅ ይቆርጣል፣ ነገሩ ይኸው ነው። ስለ ኮምፒውተሩ ክፉ አልናገርም፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሥራውን በትክክል የሠራው እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ምክር ጎረፈ። አንዱ «ከቀጭኗ ቱቦ ትንሽ አየር አስተንፍስ፣ ይወርዳል» ይላል። ሌላው «ኧረ እንዳታደርገው፣ እንዲያውም ይጨምራል» ይላል። ሁለቱም በየራሳቸው መኪና ሞክረውታል፣ ሁለቱም ይምላሉ። ደሜን የሚያፈላውም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም እውነታቸውን ነው፣ ግን አንዳቸውም «ያንተ ቱርቦ የትኛው ዓይነት ነው?» ብለው አልጠየቁኝም።

የቆየው ዓይነት ዌስትጌት ያለው ነው። ግፊት ሲበዛ ትርፉን ጭስ በጎን የምታሳልፍ ትንሽ በር አለችው። በሩን የሚከፍተው አክቹዌተር ከቱርቦው ራሱ በቀጭን ቱቦ ግፊት ይላክለታል፤ ግፊቱ ሞላውን ሲያሸንፍ በሩ ይከፈታል። ቱቦዋ ከተቀደደች አክቹዌተሩ ምንም አይሰማም፣ በሩም አይከፈትም፣ ግፊቱ ይተኮሳል። የኔ ግን ባለ ተንቀሳቃሽ ክንፍ ነው። ጭሱ በሚገባበት ዙሪያ የሚጠቡና የሚሰፉ ትናንሽ ክንፎች አሉት፣ በኔ መኪና የሚያንቀሳቅሳቸው ቫኪዩም፣ አየር ሲመጠጥ የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል፣ ነው። ቫኪዩም ሲጨምር ክንፎቹ ይጠባሉ፣ ጭሱ በጠባቡ ሲሾልክ ይፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል። እዚህ ቱቦዋ ብትቀደድ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ግፊት ይጠፋል፣ መኪናዋ ትሞታለች። አንድ ዓይነት ቀጭን ጥቁር ቱቦ፣ አንድ ዓይነት ቀዳዳ፣ ሁለት ተቃራኒ ውጤት። እና አንተ በስልክ «አስተንፍሰው» ትለኛለህ!

ቁጥሩም ሌላ ጣጣ ነው። መመርመሪያውን የሰካ ልጅ ስክሪኑ ላይ 220 ኪሎፓስካል አይቶ «ሞተርህ ሊፈነዳ ነው» አለኝ። አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ለካ ያ ቁጥር የከባቢ አየሩን ግፊት ጨምሮ የሚያሳይ ነው። ባሕር ጠለል ላይ እሱ ብቻውን 100 ገደማ ነው፣ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ ወደ 75 ይወርዳል። የቱርቦውን ድርሻ ለማወቅ ይህን መቀነስ አለብህ። በዚያ ላይ አንዱ በባር ያወራል፣ አንዱ በፒኤስአይ፤ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። አንዱ «እኔ 15 ላይ ነው የምነዳው» ሲለኝ በምን 15 እንደሆነ እስክጠይቅ ድረስ ልቤ ቆማ ነበር።

ሁለቱን ቅዳሜ የበላው የመርፌ ቫልቭ ነው፤ በቱቦ የሚያልፈውን በጥቂቱ የምታጠብበት የምታሰፋበት ትንሽ ቧንቧ መሳይ ነገር። ቫኪዩሙ የሚያልፍበት ቱቦ ላይ ገጠምኩና ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር እያልኩ ማስተካከል ጀመርኩ። ጠበቅ ሳደርገው ዝቅ ባለ ዙር ላይ ትሞታለች፣ ጥቁር ጭስ ታንቦለቡላለች። ላላ ሳደርገው ጌጁ 1.6 ባር ዘልሎ መብራቱ ይበራል። ከሰዓት በኋላ በሙቀቱ አሪፍ አድርጌ አስተካክላለሁ፣ ጠዋት ብርድ ላይ አየሩ እፍግ ስለሚል ልኬቱ ሁሉ ይፈርሳል። ሩብ ዙር፣ ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ኮፈን፣ ሩብ ዙር። ጎረቤቶቼ መኪና የምሸጥ መስሏቸዋል።

ደግሞ «ግፊት ጉልበት ነው» የምትሉ አላችሁ። ናፍጣ ላይ ጉልበቱ ያለው ነዳጁ ውስጥ ነው፤ አየሩ ነዳጁ በደንብ እንዲቃጠል ነው የሚፈለገው። ነዳጅ ሳትጨምር አየር ብቻ ብታጭቅ የምታገኘው ትንሽ ነው። አየሩ ሳይበቃ ነዳጅ ብትጨምር ደግሞ የምታገኘው ሙቀት ነው። ብዙ ፒስተን አሉሚኒየም ነው፣ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ጭነት ላይ ያለ የናፍጣ ሞተር ጭስ 700 ቢደርስ ደግሞ ብርቅ አይደለም። ፒስተኑ የሚተርፈው ዘይቱና ማቀዝቀዣው ሙቀቱን ስለሚወስዱለት ነው፣ አንተ ስለምታዝንለት አይደለም። የጭስ ሙቀት ጌጅ ሳይኖርህ ብሎን አትንካ፣ እባክህ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ነው ያሰብኩት፣ መጀመሪያ ማሰብ የነበረብኝን። ለመካኒኩ ደወልኩ።

«ያን ቀን የጠመዘዝከው ብሎን የቱ ነው?»

«ቱርቦው ላይ ያለችዋ፣ ቀለም የተቀባችዋ።»

ቀለም የተቀባችዋ! እንዳትነካ ብሎ አይደል የሠራት ሰው ቀለም የቀባት? ያቺ ብሎን ክንፎቹ እስከ ምን ድረስ እንደሚጠቡ የምትወስን ናት። እሷ ከቦታዋ ከተነቃነቀች ክንፎቹ ከልክ በላይ ይጠባሉ፣ ግፊቱ ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ይዘላል፣ እኔ ሁለት ቅዳሜ በመርፌ ቫልቭ የታገልኩትም እሱን ነው።

«ስንት ዙር አዞርካት?»

«ትንሽ ናት።»

«ትንሽ ስንት ነው? ግማሽ? ሁለት?»

«ኧረ ትንሽ ናት ወንድሜ፣ ምን አለው?»

ስልኩን ዘጋሁ። ብሎኗን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጸዳሁ፣ ባትሪ አበራሁባት፣ ጥርሷ ላይ የድሮው ቀለም ጠርዝ እንደ ክር ቀጥኖ ቀርቷል። ዳዶዋን አላልቼ፣ ጠርዙ ከዳዶው ጋር እስኪገጥም መለስኳት። አንድ ዙር ከሩብ! የሱ ትንሽ አንድ ዙር ከሩብ ናት! ዳዶዋን አጠበቅኩና የመርፌ ቫልቩን አውልቄ ዳገት ወጣሁ። 1.1 ባር፣ እዚያው ቆመ። መብራት የለም። ዳገት ላይ ትንሽ ሰነፍ ናት፣ እንደ ድሮዋ።

ነገ ጠዋት በብርዱ ደግሜ እሞክራታለሁ። እስከዚያ ካቻቢቴ የያዘ ሰው አጠገቧ እንዳይደርስ።