ስልክ ሱቅን አይተካም

ሰሞኑን በደብረ ብርሃን ለአነስተኛ ነጋዴዎች በተሰጠ ሥልጠና ላይ አንድ ኃላፊ የመሸጫ ሼድ ለጠየቁ ወጣቶች የሰጡት መልስ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ባለበት ዘመን ሱቁ ስልክ ውስጥ ስለሆነ የቦታ ጥያቄ ኋላ ቀርነት ነው የሚል ነበር። ከመልሱ ይልቅ የገረመኝ ጭብጨባው ነው።

ከተነገረው ሁሉ ውኃ የማያነሳው፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ወጪ የለውም የሚለው ነው። የዳታ ጥቅል በነጻ የሚታደል ይመስል! ፌስቡክ ላይ አንድ ማስታወቂያ ቡስት ለማድረግ፣ ማለትም ከፍሎ ለብዙ ሰው እንዲታይ ለማድረግ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ በመንዝ መሐል ሜዳ ከተማ ባና፣ ማለትም ከበግ ሱፍ የሚሸመን ብርድ ልብስ፣ የሚሸጥ ሰው ይህን ካርድ ከየት ያመጣል? ካርድ ላለው ደላላ በብር ይከፍላል፤ ደላላውም የራሱን ሳይቆርጥ አይሠራም።

ለማንኛውም ኃላፊው ስልካቸውን አውጥተው ብዙ ተከታይ ካላቸው የአዲስ አበባ የቴሌግራም መሸጫ ቻናሎች አንዱን ይክፈቱ። ከጫማው ፎቶ ሥር ዋጋው፣ ከዋጋው ሥር ስልክ ቁጥሩ፣ ከዚያም ሥር የሕንፃው ስም፣ ፎቁና የሱቁ ቁጥር ተጽፎ ያገኙታል። አድራሻ ያልተጻፈ እንደሆነ የሚከተለው አስተያየት የታወቀ ነው፦ «አድራሻ?»፣ «ሱቃችሁ የት ነው?»። ቅድሚያ ክፍያ ልኮ ሻጩ የጠፋበት፣ በፎቶ ያየውና በእጁ የገባው ዕቃ አልገናኝ ያለው ገዢ በዝቷል፤ ስለዚህ ሰው ሱቁ ድረስ ባይሄድ እንኳ፣ ቢታለል ሄዶ የሚያንኳኳው በር መኖሩን ማወቅ ይፈልጋል። በማኅበራዊ ሚዲያ አደጉ እየተባለ በምሳሌነት የሚጠቀሱልን ነጋዴዎች ራሳቸው ሱቅ ያላቸው ናቸው፤ ስልኩ ገበያተኛውን ወደ ሱቁ መራላቸው እንጂ ሱቁን አላስቀረላቸውም።

የእኛ አካባቢ ምርት ደግሞ ከጫማም በላይ መዳሰስ ይሻል። የመንዝ ባና ክብደቱ፣ የፈትሉ ጥብቀት፣ ሱፉ ገላ መኮስኮስ አለመኮስኮሱ በፎቶ አይታወቅም፤ በስልክ ካሜራማ ቡናማው ጥቁር፣ ጥቁሩም ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ገዢው ጫፉን ይዞ ያሻል፣ ወደ ብርሃን ዘርግቶ ሽመናው የሳሳበትን ይፈልጋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ዋጋ የሚከራከረው። ይህን ሁሉ በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ እንዲጨርስ የሚጠበቀው ሸማኔ ምናልባት ቲክቶክ ላይ እስክስታም ሊመታ ይሆን? የደብረ ሲና ቆሎ ስሙ የወጣው ማንም ቪዲዮ ስለሠራለት ሳይሆን መንገደኛው እዚያው ቆሞ እየቀመሰ ስለሚገዛው ነው።

በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተገድበው ለወራት መቆየታቸው፣ በዚያው ዓመት ክረምትም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጡ እንዴት ተረሳ? ያን ጊዜ በስልክ ውስጥ ያለውን ሱቅ ቁልፍ የያዘው ነጋዴው አልነበረም።

ፎቶ አንሥቶ መለጠፍ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር የአዲስ አበባ ደንበኛ ሊያመጣ እንደሚችል፣ ክፍያውም ከ2013 ጀምሮ በቴሌብር ሊፈጸም እንደሚችል የሚክድ የለም። ነገር ግን ደንበኛው ከመጣ በኋላ ባናው የሚቀመጥበት፣ ዝናብ የማይነካው፣ ገዢው የሚገባበት አራት ማዕዘን ቦታ ካልተገኘ፣ ሥልጠናው ሼድ መከልከያ ሰበብ ከመሆን አያልፍም።

ለነገሩ ንግድ ፈቃድ ለማውጣት የሚሄድ ሰው ዛሬም የሚጠየቀው የቤት ኪራይ ውል ወይም ሌላ የአድራሻ ማረጋገጫ ነው። ከሠልጣኞቹ አንዱ በአድራሻው ቦታ የቴሌግራም ሊንኩን ጽፎ ያስገባና፣ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ምን ብሎ እንደሚመልሰው ኃላፊው አጠገቡ ቆመው ይስሙ።