የማይተኮስበት ጠመንጃ

ፔንሲልቬንያ በገባሁበት ዓመት የምሠራበት መጋዘን ውስጥ አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። ታንክስጊቪንግ የሚሉት የምስጋና በዓል ባለፈ ማግስት ግማሹ ሠራተኛ አንዲት ሰኞን ፈቃድ ለመውሰድ ይሻማል። የታንክስጊቪንግ በዓል አልቋል፣ ገና ደግሞ አልደረሰም። «የምን በዓል ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። «አጋዘን» አሉኝ። የቀለዱብኝ መስሎኝ ነበር። ለካ የአጋዘን አደን የሚከፈትባት ሰኞ ናት። በብዙ ቦታ ትምህርት ቤት ሳይቀር ይዘጋል። በ2019 ቀኑን ወደ ቅዳሜ አዞሩት እንጂ ያቺ ሰኞ በሽማግሌዎቹ አፍ ላይ እስካሁን አለች። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ሌላ ካልሁ እነግራችኋለሁ።

እኔ ጎጃም ነው ያደግኩት። ጠመንጃ ብርቄ ነው ብል እዋሻለሁ። ግን ጠመንጃ አንግቶ፣ እንደ መንገድ ሠራተኛ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ ጫካ የሚገባ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ሕጉ ነው የሚያስለብሳቸው። አዳኝ አዳኝን አጋዘን መስሎት እንዳይመታው።

ከእኔ ጋር ፎርክሊፍት የሚነዳ አንድ ሽማግሌ ነበር። ወሬ አይወድም። በአንድ ፈረቃ ከአምስት ዓረፍተ ነገር በላይ ከተናገረ ታሟል ማለት ነው። አባቱ ሞተው ቤታቸውን ሲያጸዱ ከአልጋ ሥር ሦስት ረጃጅም ካርቶን ወጣ። ሦስቱም ዊንቸስተር ጠመንጃ ናቸው። ሦስቱም አንዲት ጥይት ሳይተኮስባቸው ለብዙ ዓመታት ተኝተዋል። አባትየው «እነዚህ አንድ ቀን ልጆቻችሁን ኮሌጅ ያስተምራሉ» ይሉ ነበር አለኝ። የሱ መኪና ጋራዥ ስለነበረች በእኔ መኪና ጭነን ወደ ጠመንጃ ሱቅ ሄድን።

ስለ ጠመንጃው ትንሽ ላውራ። የካውቦይ ፊልም ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ቃታው ዙሪያ ቀለበት የመሰለች የብረት እጀታ አለችው። እጀታዋን ወደ ታች ገፍታችሁ ስትመልሷት የተተኮሰውን ቀለህ ወደ ላይ ይተፋና ሌላ ጥይት ይጎርሳል። ሞዴል 94 ይባላል፣ በ1894 ስለወጣ። የነደፈው የዩታው ሰው ጆን ብራውኒንግ ነው። አዎ፣ በሽጉጡ ስሙን አገራችን ድረስ ያስገባው ብራውኒንግ። ጥይቶቹ ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ ተሰልፈው ይተኛሉ፣ የኋለኛው ጫፍ የፊተኛውን ቂጥ እየነካ። ስለዚህ የጥይቱ ጫፍ ደፍጠጥ ያለ መሆን አለበት። ሹል ከሆነ ጠመንጃው ሲተኮስ በሚመጣው ግፊት ፊት ለፊቱ ያለውን ጥይት ወግቶ እዚያው ቱቦው ውስጥ ሊያፈነዳው ይችላል። ደፍጣጣ ጥይት ደግሞ ሩቅ አይሄድም። የፔንሲልቬንያ ጫካ ግን ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ሩቅ ማየትም አይቻልም። አጋዘን በአውቶማቲክ ጎራሽ ጠመንጃ ማደን በክፍለ ግዛቱ ሕግ ስለተከለከለ ይህ ዓይነቱ በእጅ የሚያጎርሱት ጠመንጃ እዚህ አገር ቤቱ ነው።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ። ኩባንያውን የመሠረተው ኦሊቨር ዊንቸስተር የጠመንጃ ሰው አልነበረም። ሸሚዝ ነበር የሚያሰፋው። ኮነቲከት፣ ኒው ሄቨን ከተማ ውስጥ የሸሚዝ ፋብሪካ ነበረው። ከሸሚዝ ያገኘውን ገንዘብ ጠመንጃ ላይ አዋለውና ስሙ ቀረ።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ባለሱቁ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ከፈተ። የመጀመሪያው በ1966 የኩባንያውን መቶኛ ዓመት ለማሰብ የወጣ ነው። ብረቱ ወርቅ የተቀባ፣ አፈሙዙ ስምንት ማዕዘን። ሁለተኛው በ1968 የወጣው፣ የጎሽ አዳኝና የትርኢት ሰው የነበረው የቡፋሎ ቢል መታሰቢያ፣ ሦስተኛው የካውቦይ ፊልም ተዋናዩ የጆን ዌይን፣ የ1981። እኔ እንደ ሠርግ ወርቅ አፍጥጬ አየሁ። ሽማግሌውም ጎኔ ቆሞ ትንፋሹን ይዟል። ባለሱቁ አጎንብሶ በእጅ ባትሪ የእጀታዋን መገጣጠሚያ መረመረ። ምን እየፈለገ እንደሆነ ጠየቅኩት። ጭረት። እጀታዋ አንዴ እንኳ ወደ ታች ተገፍታ ከነበረ ወርቁ ላይ ቀጭን መስመር ትተዋለች። ያቺ መስመር ካለች ዋጋው ይወርዳል። ካርቶኑ ከጠፋ ይወርዳል። ወረቀቱ ከሌለ ይወርዳል። እዚህ ላይ ነው ጭንቅላቴ የዞረው። እኛ ጋ ገበያ ላይ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው «ተኩሰህ አሳየኝ» ይላል። እዚህ «እንዳልተተኮሰ አሳየኝ» ነው።

ጭረት አልተገኘም። ሦስቱም እንደ ሙሽራ ንጹሕ ናቸው። ባለሱቁ ዋጋ ጠራ። ሽማግሌው ምንም አላለም። ፊቱን ሳይ ግን ኮሌጁ ቀርቶ አንድ የመጻሕፍት ቦርሳ እንኳ እንዳልሞላ ገባኝ። ባለሱቁም አዘነለት መሰለኝ፣ ማስረዳት ጀመረ። ከመቶኛ ዓመቱ ጠመንጃ ከ100 ሺህ በላይ ተሠራ። ከቡፋሎ ቢል ደግሞ እንደገና ከ100 ሺህ በላይ። የገዛው ሰው ሁሉ ያንተ አባት ያሰቡትን አሰበ። ሁሉም አልጋ ሥር አስቀመጠው። አሁን ልጆቹ ሁሉ በየሱቁ ይዘው እየመጡ ነው።

ከዚያ ሽማግሌው፣ እንዲያው ወሬ ለመቀየር ይመስለኛል፣ አባቱ የሚያድኑበትን ጠመንጃ ጠቀሰ። ተራ ሞዴል 94፣ በ1950ዎቹ የተገዛ፣ ሰደፉ ተፋፍቆ ያለቀ። ባለሱቁ ቀና አለ። «እሱንስ አትሸጠውም?» ለእሱ ወርቅ ከተቀባው የበለጠ ዋጋ ሰጠው። ሽማግሌው በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። አይሸጥም።

ነገሩ ወዲህ ነው። በ1964 ኩባንያው ወጪ ለመቀነስ ብሎ አሠራሩን ቀየረ። በፊት ከድፍን ብረት ተፈልፍለው ይወጡ የነበሩ ክፍሎች በርካሽ መንገድ መሠራት ጀመሩ። አዳኙ ወዲያው አወቀባቸው። ዛሬም ጠመንጃ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከስልሳ አራት በፊት ነው በኋላ?» ብሎ ነው። የመጀመሪያውን የመታሰቢያ ጠመንጃ ያወጡትስ መቼ ይመስላችኋል? በዚያው በ1964። የዋዮሚንግ ክፍለ ግዛትን 75ኛ ዓመት ለማሰብ 1,500 ሠሩ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው? የካናዳ መቶኛ ዓመት፣ ቴዎዶር ሩዝቬልት፣ የባቡር ሐዲድ፣ ካውቦይ። ብረቱ ሲቀል ወርቁ ተጨመረ። ሆን ብለው ነው ማለቴ አይደለም። ግን እኔ ነጋዴ ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ በ1983 የወጣው ነው። ክሬዚ ሆርስ ለተባለው የላኮታ ሕዝብ የጦር መሪ መታሰቢያ። በ1876 ሊትል ቢግሆርን ላይ የአሜሪካን ፈረሰኛ ጦር ድባቅ ከመቱት አንዱ ነው። በዚያ ቀን ነባሮቹ ሕዝቦች እጅ ላይ ደጋግመው የሚተኩሱ ዊንቸስተርና ሄንሪ ጠመንጃዎች ነበሩ። የመንግሥት ወታደር አንድ አንድ ጥይት የሚያጎርሱት ጠመንጃ ነበር የያዘው። መሬቱን ከወሰዱበት በኋላ በስሙ ጠመንጃ ሸጡ። ይኼ እንግዲህ የአሜሪካ ነገር ነው።

በነገራችን ላይ በዚያው ዓመት፣ ሦስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ ጉራዕ ላይ አፄ ዮሐንስና ራስ አሉላ የግብፅን ጦር እያራገፉት ነበር። በእኛ 1868 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የግብፅ ጦር የያዘው የአሜሪካ ሬሚንግተን ነው። ከአማካሪዎቹ ውስጥ አሜሪካውያን መኮንኖች ነበሩበት፣ ሎሪንግ የሚባል አንድ እጁን ሜክሲኮ ጦርነት ላይ ያጣ ጄኔራል ጭምር። ሬሚንግተኑ በሺዎች ተማርኮ እኛ ዘንድ ቀረ። ለዚህ ወርቅ የተቀባ መታሰቢያ ያወጣልን ኩባንያ የለም። እኛም አልጠየቅንም። ጠመንጃዎቹ አርጅተው እስኪያልቁ ተተኮሰባቸው።

አያቴ አንድ ምንሽር ነበረው። ሰደፉ ተሰንጥቆ በእርጥብ ጠፍር ታስሯል። ጠፍሩ ሲደርቅ ከብረት ይጠነክራል። ያ ጠመንጃ ሁለት ጊዜ መሬት ተቀብሯል ይባላል፤ አንዴ ለጣልያን፣ አንዴ ለደርግ። በቅቤ ተለውሶ፣ በቆዳ ተጠቅልሎ። የመታሰቢያ ጽሑፍ የለበትም። ማንም አያስፈልገውም ነበር። ጠመንጃው ከአገር ሰው ፊት ሲያልፍ «የእገሌ ምንሽር» ይባላል፣ እንደ ሰው በባለቤቱ ይጠራል። አያቴ ሲሞት ለቅሶው ላይ ጠመንጃው ወጥቶ ነው የተለቀሰው። ከዚያ ለታላቅ አጎቴ ተላለፈ። አሁን የት እንዳለ በስልክ አይጠየቅም። ያገሬ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ጎጃም ዛሬ ጠመንጃ ሲነሳ ወሬው የአጋዘን አይደለም። እኔም ከሩቅ ሆኜ ያንን ዘመን እንደ ማር ላላልሰው። በዚያ ምንሽር ደም መቃባትም ነበር፣ ዘመዶቻችን በእርቅ ነው የተረፉት።

ያም ሆኖ ገዛሁ። ለምን ገዛህ አትበሉኝ። ሽማግሌው ባለሱቁ በጠራው ዋጋ ሁለቱን ሸጠ፤ የመቶኛ ዓመቱን አየት አድርጎ «አንተ ብትወስደው ይሻለኛል» አለኝ። ስድስት መቶ ዶላር። በክፍለ ግዛቱ ሕግ ረጅም ጠመንጃ ሰው ለሰው መሸጥ ይችላል። ግን ሽማግሌው ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው፣ በሱቁ በኩል ይሁን አለ። ስለዚህ ቅጽ ተሰጠኝ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። ወንጀል ሠርተሃል ወይ? ሚስትህን መትተህ ተፈርዶብህ ያውቃል ወይ? ማሪዋና ታጨሳለህ ወይ? ዜግነትህን ጥለሃል ወይ? አይ፣ አይ፣ አይ። እኔን ያስቸገረኝ የመጀመሪያው መስመር ነው። ስም። ፓስፖርቴ ላይ የአያቴ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተቀምጧል። መንጃ ፈቃዴ ላይ አንድ ፊደል ይለያል። ግሪን ካርዴ ላይ ደግሞ ሌላ። ባለሱቁ ሦስቱንም አስቀምጦ አያቸው። «የትኛው ነህ?» አለኝ። ከዚያ ወደ ስቴት ፖሊስ ተደወለ። ለሌላው በደቂቃዎች የሚያልቀው እኔን ሦስት ቀን አቆየኝ። በሦስተኛው ቀን «አልፏል» ተባለ። ያ አንዴም ለመንግሥት ሳያስመዘግብ ሁለቴ ጠመንጃ የቀበረ ሰው፣ ስሙ በጠመንጃ መግዣ ቅጽ ላይ በትልቁ ተጽፎ አሜሪካ ውስጥ ጸደቀለት።

ባለቤቴ ሳምንት አኮረፈችኝ። እውነቷን ነው፣ ልጆች አሉን። ቁልፍ ያለው የብረት ሳጥን ገዛሁ። ሳጥኑ ከጠመንጃው ብዙም አይረክስም። ጥይት ቤት ውስጥ የለም፣ አይኖርምም።

አጎቴ በፋሲካ ሰሞን ስልክ ሲገኝ ደወልኩለት። ስለ ጤናው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማዳበሪያው አወራንና «ጋሼ፣ ጠመንጃ ገዛሁ» አልኩት።

«ማን? አንተ?»

«አዎ።»

«ተኮስክበት?»

«አይተኮስበትም። ከተተኮሰበት ዋጋው ይወርዳል።»

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለቴ «አሎ» አልኩ።

«ታዲያ ምን ያደርግልሃል? እንደ ሥዕል ልትሰቅለው ነው?»

አስረዳሁት። ወርቁን፣ ስምንት ማዕዘኑን፣ መቶኛ ዓመቱን፣ ካርቶኑን። ሰማኝ። ከዚያ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሲያጎርሱት ድምፁ እንዴት ነው? እስኪ አሰማኝ።»

የባለሱቁ የእጅ ባትሪ ትዝ አለኝ። ከተነካ ያቺ መስመር ትቀራለች። የሽማግሌው አባት ሃምሳ ዓመት አልነኳትም። ሳጥኑን ከፈትኩ። ባዶ መሆኑን ደግሜ አየሁ። ስልኩን አጠገቡ አደረግሁና እጀታዋን እስከ መጨረሻው ገፍቼ መለስኳት። ሸረክ፣ ቀጭ።

አጎቴ ትንሽ አሰበ።

«ይኼማ የልብስ ስፌት መኪና ነው» አለኝ። «ድገመው እስኪ።»

ደገምኩለት።