መሪ ተዋናይ፦ እሱ፤ ፕሮዲውሰር፦ እሱ

እንኳን ደስ ያለን፤ አርቲስታችን ፕሮዲውሰር ሆነልን! የባለታሪኩ ጓደኛ ሆኖ መሥራት ሲሰለቸው ራሱን በራሱ ቀጠረ። ኦዲሽኑን ብቻውን ተፈትኖ በከፍተኛ ማዕረግ አልፏል።

ስክሪፕቱ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካፌ ውስጥ በሁለት ማኪያቶ ተጠናቀቀ። የማኪያቶውን ሒሳብ የዘጋው ደራሲው ነው፤ የእሱ ክፍያ ፊልሙ ሲመረቅ ይታሰብለታል።

ሎኬሽኑ የዘመድ ቪላ ነው። የሳሎኑ ወለል ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፤ «እወድሻለሁ» ሲባል ግድግዳው ተቀብሎ ይደግመዋል። ተራ ባለሙያ ቢሆን ካሜራው በማያየው በኩል ብርድ ልብስ ያነጥፋል፤ ቡሙን (በረጅም ዘንግ ጫፍ የሚንጠለጠለውን ማይክ) ለተዋናዩ እስከ ግማሽ ሜትር ያስጠጋል፤ ፍሪጁን ይነቅላል (መልሶ መሰካቱን እንዳይረሳም የመኪናውን ቁልፍ እዚያው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጣል)፤ ትዕይንቱ ሲያልቅ ሁሉንም ዝም አሰኝቶ የባዶ ክፍሉን ድምፅ ለ30 ሰከንድ ይቀዳል። የእኛ ሰው በዚህ ሁሉ ጣጣ ጊዜ አያጠፋም። የድምፅ ባለሙያውን ክፍያ ቆጥቦ በካሜራው ማይክ ይቀዳል። ፍሪጁም ከመጀመሪያው ትዕይንት እስከ መጨረሻው በነፃ ይተውናል፤ እንዲያውም ከሁሉም አጥርቶ የሚሰማው እሱ ነው። ኤዲተሩ የፍሪጁን ድምፅ ላጥፋ ብሎ የድምፅ ማጣሪያውን ሲያከርረው ሰዎቹ በርሜል ውስጥ ገብተው የሚያወሩ ይመስላሉ። ያኔ ፒያኖው ከፍ ይደረጋል፤ እኛም እናለቅሳለን።

መብራታችን 50 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ) ስለሆነ የካሜራው ሹተር፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ላይ መሆን ነበረበት። 1/60 ላይ ቀርቶ ፍሎረሰንቱ ሲርገበገብ «የባለታሪኩ ውስጣዊ ነውጥ ነው» ብሎ አስረድቶናል። ጥበብ ማለት ይኼ ነው።

የቆጠበውን ብር ደግሞ በልቶ አልጠፋም፤ ምረቃው ላይ አፈሰሰው። ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ ቀይ ምንጣፍ አስነጠፈ፤ የእሱ ፊት የሞላውን ባነርም አሰቀለ። የመሪ ተዋናይቷ ፊት ከስፖንሰሩ አርማ በጥቂቱ ይተልቃል፤ ምስጋና ይገባዋል። ስፖንሰሩ የታሸገ ውሃ ሻጭ ነውና፣ በፍቺው ችሎት ባል፣ ሚስትና ዳኛው ጠርሙሱን በጽሑፉ በኩል ወደ ካሜራ አዙረው ይጎነጫሉ። እንዲህ ጥም የበዛበት ችሎት ታይቶ አይታወቅም!

ሲኒማ ቤት ወንበሩ ባይሞላስ ምን ቸገረው? ዩቲዩብ አለለት። ክፍል ሁለት ቀረጻ ላይ ነው፤ የጠፋውን መንታ ወንድሙንም ራሱ ይጫወተዋል።