የፋሲል መዋኛ ዛፎች፦ ሥሩ ይነሳ ወይስ ይቆይ?

ጎንደር፣ ቀሃ ወንዝ አጠገብ ባለው የፋሲል መዋኛ፣ የትልልቆቹ ዛፎች ሥር የድንጋዩን ቅጥር ጨብጦ ይዞታል። ቅጥሩን ለማዳን ሥሩ ይነሳ? ወይስ ግቢው ከነዛፉ ይጠበቅ? አንድ ግንበኛና አንዲት የሰፈሩ ልጅ እንዲህ ተከራከሩ። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ግንበኛው፦
ዛፍ ጠልቼ አይደለም። ግን ድንጋይ አውቃለሁ። ወፍ ፍሬ በልታ ስንጥቁ ላይ ትኮሳለች፣ ዘሩ ኖራው መሃል ይበቅላል፣ ከዚያ ዓመት በዓመት እየወፈረ ድንጋዩን ከድንጋይ ያላቅቃል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ውኃው በዚያው ሰርጎ የቀረውን ኖራ ያጥበዋል። መዋኛው ከፋሲል ግቢ ጋር በ1979 በዩኔስኮ የተመዘገበው ለግንቡ ሲባል ነው። ዛፍ ሌላ ቦታ ይተከላል። የነገሥታቱ ዘመን ግንብ ግን አንዴ ከፈረሰ፣ መልሰን ብንሠራውም የእኛ ሥራ ነው እንጂ የእነሱ አይደለም።

የሰፈሩ ልጅ፦
ጋሼ፣ ስለ ኖራው ያሉት እውነት ነው፤ እጅዎ ያውቀዋል። «ዛፍ ሌላ ቦታ ይተከላል» ያሉት ግን አልተዋጠልኝም። መዋኛው መቼ ግንብ ብቻ ሆኖ ያውቃል? ገንዳው አብዛኛውን ዓመት ባዶ ነው፤ ለጥምቀት ከቀሃ ውኃ ይገባበታል፣ ታቦታቱ ይወርዳሉ፣ ሕዝቡ እዚያው ያድራል፣ ሲነጋ ውኃው ተባርኮ ወጣቱ ዘሎ ይገባል፤ አንዳንዱማ ከቅርንጫፍ ላይ ነው የሚዘለው። ጥምቀት ራሱ በ2019 ተመዝግቧል። ዛፉ፣ ውኃውና ግንቡ አንድ ላይ ናቸው ቅርሱ። ዩኔስኮም ከ1992 ጀምሮ «ባህላዊ መልክዓ ምድር» የሚል፣ ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሠሩትን ቦታ የሚመዘግብበት ዘርፍ አለው፤ የኛዎቹ ኮንሶና ጌዴኦ የገቡት በዚያ ነው።

ግንበኛው፦
የኮንሶን እርከን ሰው በእጁ ካበው፤ የጌዴኦንም ዛፍ ገበሬው ይንከባከበዋል። ቅጥሩ ላይ የወጣውን ሥር ማን ተከለው?

የሰፈሩ ልጅ፦
ማንም። ግን አሁን እሱን ቆርጦ መገላገል አይቻልም። የወፈረ ሥር ሲቆረጥ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል፣ ቦታው ክፍት ይቀራል፣ ተደግፎት የነበረው ድንጋይ ይናዳል። ስለዚህ ቀጭኑ ቡቃያ ገና ጣት ሳያክል በየዓመቱ ይነቀል፤ ትልልቆቹ ይቆዩ። ደግሞ ግቢው ውስጥ መኪና አይግባ፣ አፈሩ ከተጠቀጠቀ ዛፉም ይሞታል። የሚተካቸው ችግኝም ካሁኑ ከዚያው ዘር ይፍላ። እዚሁ ጎንደር ያለውን የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጥድና ወይራ ያዩ ሰው ነዎት፤ ያ ቤተ ክርስቲያን ያለ ዛፎቹ ይታይዎታል?

ግንበኛው፦
አይታየኝም። በቡቃያውም እስማማለሁ ልጄ፣ ከጥቅምት ጀምሮ መሰላል ይዤ እመጣለሁ። በትልልቆቹ ግን ገና አልተስማማንም። በጥምቀት ያ ሁሉ ሰው ገንዳው ጠርዝ ላይ ተጠጋግቶ ይቆማል። አንድ ድንጋይ ከሥሩ ተላቆ ቢወርድ የሚወርደው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እያንዳንዱ ሥር ይፈተሽ፤ ድንጋዩን የያዘው ይቆይ፣ የሚገፋው ግን በጥንቃቄ፣ ድጋፍ እየተሠራለት ይነሳ።

የሰፈሩ ልጅ፦
ይፈተሽ። ፍተሻው ላይ ግን ዛፍ የሚያውቅ ሰውም ከእርስዎ ጎን ይቁም።