«ስንት ናችሁ?»

በተሳፈርኩበት የመዝናኛ መርከብ ትልቁ የምግብ አዳራሽ በር ላይ የቆመው ሰው ለሚመጣው ሁሉ የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ናችሁ?» «አንድ ነኝ» አልኩት። ፈገግታው አልደበዘዘም፤ ዓይኑ ግን ከኋላዬ የሚከተል ሰው ይኖር እንደሆነ ለአፍታ ፈለገ። ከዚያም ለሁለት ሰው ወደተሰናዳች ትንሽ ጠረጴዛ ወሰደኝ። ወንበሬን ገና ሳላስተካክል አንድ ወጣት አስተናጋጅ መጥቶ ከፊት ለፊቴ ያለውን ያነሳ ጀመር። በመጀመሪያ ብርጭቆዎቹን፣ ቀጥሎ ሹካና ቢላዋውን፣ በመጨረሻም ሳህኑን ከነታጠፈው ናፕኪን። እንዳይንኳኳበት ይጠነቀቅ ነበር። ቢሆንም ብረት ከብረት ሲነካካ የወጣው ያ ትንሽ ድምፅ ለብዙ ቀናት ከጆሮዬ አልጠፋም።

ብቻ መብላት አዲስ ሆኖብኝ አይደለም። በባዕድ አገር በኖርኩባቸው ዓመታት ከሥራ ገብቼ ምድጃ አጠገብ ቆሜ የበላሁት፣ አውቶቡስ ስጠብቅ ከቦርሳዬ አውጥቼ የቀማመስኩት እራት ተቆጥሮ አያልቅም። ነገር ግን በራሴ ቤት ከፊቴ የሚነሳ ሳህን የለም፤ መጀመሪያውኑ አልተቀመጠምና። የሰው መጉደልን እንደዚያ ምሽት በዓይኔ በብረቱ አይቼው አላውቅም ነበር።

የመዝናኛ መርከብ የተሠራው ለሁለት ሰው ነው። ካቢኑ፣ ማለትም የመኝታ ክፍሉ፣ የሚሰናዳው ለጥንድ ነው። ዋጋው «ለአንድ ሰው» ተብሎ ቢነገርም ሁለት ሰው በአንድ ካቢን እንደሚያድር ታስቦ የወጣ ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው ተጨማሪ ይጠየቃል፤ ይህ ተጨማሪ ብዙ ጊዜ የሁለተኛውን ሰው ሙሉ ዋጋ እስከማከል ይደርሳል። የወደብ ግብር እና የአስተናጋጆች ጉርሻ ግን በነፍስ ወከፍ ስለሚሰላ የሚከፈለው አንዴ ነው። እንግዲህ ያ ወጣት ያነሳው ሳህን የሚበላበት ሰው ባይኖርም ቦታው ተከፍሎበታል ማለት ነው። ይህን የማነሳው ስለ ገንዘቡ ብዬ አይደለም። የሁለት ሰው ያህል የከፈለ ሰው ቢያንስ የትና ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ሊታሰብለት ይገባል ብዬ ስለማምን ነው።

ያሰቡበትም አሉ። ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን የተባለው የመርከብ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ ባስጀመረው ኖርዌጂያን ኤፒክ መርከብ ላይ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆኑ 128 ትንንሽ ካቢኖች ሠርቷል። ስፋታቸው ወደ 9 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ለእነዚያ ተሳፋሪዎች ብቻ የሚከፈት የጋራ ሳሎንም አብሮ ተሠርቷል። ሌላው ኩባንያ ኩናርድም ኩዊን ሜሪ 2 የተባለውን መርከቡን እ.ኤ.አ. በ2016 ሲያድስ 15 የነጠላ ካቢኖች ጨምሮበታል። እኔን ከካቢኖቹ ይልቅ የማረከኝ ያ ሳሎን ነው፤ ብቻቸውን የመጡ ሰዎች እዚያ ተገናኝተው ለእራት ሊቀጣጠሩ ይችላሉ። አልጋን ለአንድ ሰው ማጥበብ ብዙ አይከብድም፤ ሰው ከሰው የሚገናኝበትን ቦታ መሥራት ግን ሐሳብ ይጠይቃል።

ወደ ማዕዱ ልመለስ። በመርከብ ላይ እራት የሚቀርበው በሁለት ዓይነት ሥርዓት ነው። በቆየው ሥርዓት ሰዓቱም ጠረጴዛውም የተወሰነ ነው። አንዱ ፈረቃ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ ሌላው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ይገባል። ከመጀመሪያው ምሽት እስከ መጨረሻው ያው ጠረጴዛ፣ ያው አስተናጋጅ፣ ያው የጎን ጎረቤት ነው። ሁለተኛው ሥርዓት በፈለጉት ሰዓት መጥቶ በተገኘው ጠረጴዛ መቀመጥ ነው። ይህን ነጻ ሥርዓት ኖርዌጂያን እ.ኤ.አ. በ2000 የመርከቦቹ መለያ አደረገው፤ ሌሎች ትላልቅ ኩባንያዎችም በየራሳቸው ስም እየጠሩ አስገቡት። ዛሬ በብዙ መርከቦች ሁለቱም ጎን ለጎን ስላሉ ተሳፋሪው ቲኬት ሲቆርጥ ይመርጣል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በቀድሞዎቹ የውቅያኖስ መርከቦች ተሳፋሪው በረጃጅም ጠረጴዛዎች ዙሪያ፣ ወለሉ ላይ በብሎን በታሰረ ወንበር ይቀመጥ ነበር። ማዕበል ሲነሳ ሳህኑ ተንሸራቶ እንዳይወድቅ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ከፍ ያለ ክፈፍ ይገጠም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 የሰመጠው ታይታኒክም የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎቹን ያበላው በረጃጅም የጋራ ጠረጴዛዎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ሥራ የጀመረው «አሜሪካ» የተባለው የጀርመን መርከብ ግን ባለጸጋው ተሳፋሪ ከወገኖቹ ጋር ለብቻው ተቀምጦ፣ የፈለገውን መርጦ አዝዞ፣ ተጨማሪ ከፍሎ የሚበላበት ምግብ ቤት ይዞ ተነሳ። ያኔ የራስ ጠረጴዛ የባለጸጋ ወግ ነበር፤ ከማያውቁት ሰው ጋር ትከሻ ገጥሞ መብላት ደግሞ የድሃ። ከመቶ ዓመት በኋላ የባለጸጋው ወግ ለሁላችንም ደረሰ። ባለጸጋው ግን ወደዚያ ጠረጴዛ የሚመጣው ቤተሰቡንና ወዳጆቹን አስከትሎ ነበር።

እኔ በሁለቱ ሥርዓቶች ውስጥ የማየው ሁለቱን ኑሮዬን ነው። ባደግኩበት ቤት ከማን ጋር እንደምበላ መርጬ አላውቅም። ተጫዋቹም፣ ዝምተኛውም፣ ከእኔ ጋር የተኳረፈውም እዚያው ነበር። የጎደለ ሰው ካለ «የት ሄደ?» ይባላል። አንዳንዴ ይሰለቸኝ ነበር፤ ማንም የማያየኝ ቦታ ሄጄ ደስ ባለኝ ሰዓት መብላት ያምረኝ ነበር። ውጭ አገር ስመጣ የተመኘሁትን አገኘሁ። ሰዓቱ የራሴ ነው፣ ምርጫው የራሴ ነው፣ የሚቆጣጠረኝ የለም። የሚቆጣጠረኝ ስለሌለም በልቼ ልተኛ ጾሜን ልደር የሚያውቅ የለም። እናቴ ስትደውል ከሰላምታው ቀጥላ የምትለኝ «በልተሻል?» ነው። ለብዙ ዓመታት ይህ ጥያቄ ወደ እኔ የመጣው በስልክ ብቻ ነበር።

አገር ቤት ያለው ሁሉ እንደነበረ ነው ማለቴም አይደለም። ለመጨረሻ ጊዜ ዘመድ ልጠይቅ የሄድኩ ጊዜ ልጆቹ በየክፍላቸው፣ ትልልቆቹ ከየሥራቸው በገቡበት ሰዓት ሲበሉ አይቻለሁ። ነጻው ሥርዓት እዚያም ደርሷል። አንድ ቤት ውስጥ አራት ሰው በአራት የተለያየ ሰዓት ሲበላ ሳይ እዚህ የለመድኩትን ኑሮ ተከትሎኝ የሄደ መስሎ ተሰማኝና ከፋኝ።

በመርከቡ ሁለተኛ ቀን ለአስተናጋጆቹ አለቃ ከሰዎች ጋር እንዲያስቀምጠኝ ነገርኩት። ለመናገር ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል፤ «ሰው እፈልጋለሁ» ማለት በዚህ ዕድሜ ያሳፍራል። እርሱ ግን ዝርዝሩን አገላብጦ «በሁለተኛው ፈረቃ ለስምንት ሰው በሚሆን ጠረጴዛ ላይ አንድ ወንበር አለኝ፤ ይስማማዎታል?» አለኝ። እንዲህ ቀላል ነበር። ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ምሽት በሩ ላይ ቢጠይቀኝ ኖሮ ያ ሳህን ከፊቴ ባልተነሳ።

ጠረጴዛው ላይ ባላቸውን ከቀበሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን የወጡ ጡረተኛ መምህርት፣ ሁለት እህትማማቾች፣ የጋብቻቸውን ዓመት የሚያከብሩ ባልና ሚስት፣ ስለ መርከብ ሞተር ሲያወራ የማይደክመው አንድ ጎልማሳና አንድ ዝምተኛ ወጣት ነበሩ። ስምንተኛዋ እኔ ነኝ። የመጀመሪያው እራት ከበድ ይላል። ከየት መጣሽ፣ ስንተኛ ጉዞሽ ነው፣ ነገ ወደብ ላይ ትወርጃለሽ ወይ፤ ወሬው ከዚህ አያልፍም። በማግስቱ መምህርቷ የዳቦውን ቅርጫት ሳልጠይቅ ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ፤ ከላይ ያስቀመጡት ባለፈው ምሽት መርጬ ያነሳሁትን ዓይነት ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ምሽት ባሕሩ ተናወጠና ራሴን ማንሳት አቃተኝ። ካቢኑ ውስጥ ተጋድሜ አረንጓዴ ፖምና ደረቅ ብስኩት ስቆረጥም አመሸሁ።

በሚቀጥለው ምሽት ስደርስ መምህርቷ ከሁሉ ቀድመው «ትናንት የት ጠፋሽ?» አሉኝ። መታመሜን ነገርኳቸው። ከእህትማማቾቹ አንዷ «አስተናጋጁ ሳህንሽን ሊያነሳ ነበር፤ ምናልባት ትመጣለች ብለን ከለከልነው» አለች። እራቱ ተበልቶ እስኪያልቅ ሳህኔ፣ ብርጭቆዬና የታጠፈው ናፕኪን እንደተቀመጡ ቆይተዋል ማለት ነው። ምን ብዬ እንደመለስኩ አላስታውስም። የምግብ ዝርዝሩን አንስቼ ፊቴን ጋረድኩበት።

እነዚያ ሰዎች ከሌላው የተለዩ ደጎች ስለነበሩ ብቻ የሆነ አይመስለኝም። በየምሽቱ ያው ወንበር የእኔ በመሆኑ ነው መጉደሌ የታወቀው። በነጻው ሥርዓት ብመገብ ኖሮ ያን ምሽት ቦታዬ ለሌላ ይሰጣል፣ የት ሄደች የሚልም አይኖርም። ስለዚህ ብቻውን ለሚጓዝ ሰው የቆየው ሥርዓት ይሻላል ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ጊዜው ያለፈበት ነው የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ያለፈበት ይሁን፤ እኔ የተጠየቅሁት እዚያ ነው።

ብቻውን መብላት የሚወድ ሰው መኖሩን አልዘነጋም። በየምሽቱ መጽሐፍ ይዞ መስኮቱ ሥር የሚቀመጥ አንድ መንገደኛ ነበር። ቀስ ብሎ ይበላል፣ ገጹን ይገልጣል፣ ባሕሩን ያያል። ለእርሱ ያ ጠረጴዛ ዕረፍቱ ነው፤ ሊታዘንለት አይገባም፣ ካልጠየቀም ማንም ሄዶ ሊቀመጥበት አይገባም። እኔን የሚያስቆጣኝ ብቻውን የመጣን ሰው ጠረጴዛ እንዳያባክን ተብሎ ወደ ወጥ ቤቱ በር መግፋት ነው። አንድ ሌላ መርከብ ላይ ተጨማሪ በሚከፈልበት ምግብ ቤት ቦታ ልይዝ ብሞክር የማስያዣው ኮምፒውተር ከሁለት ሰው በታች አልቀበልም አለኝ። በአካል ሄጄ ሳይ ጠረጴዛዎቹ ግማሽ በግማሽ ባዶ ነበሩ። የሁለት ሰው ዋጋ የከፈለ ሰው ለአንድ ወንበር ሊለምን አይገባም።

ቡፌው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ከሰው ጋር የሚበላ ቡና ሊቀዳ ሲነሳ ቦታውን ባልንጀራው ይጠብቅለታል። ብቻውን የሆነ ሰው ግን ጽዋውን ሞልቶ ሲመለስ በግማሽ የተወው ቁርስ ተነስቶ፣ ጠረጴዛው ተወልውሎ፣ ሌላ ቤተሰብ ተቀምጦበት ያገኛል። ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል። አስተናጋጆቹን አልወቅስም፤ ሰው ያልጠበቀውን ሳህን እንዲያነሱ ታዘዋል። ከዚያ ወዲህ ሹራቤን ወንበሩ ላይ ጥዬ መሄድ ለምጃለሁ።

ብቻቸውን ሊጓዙ ላሰቡ ወገኖቼ የምለው አለኝ። ቲኬት ሲቆርጡ ስድስት ወይም ስምንት ሰው የሚይዝ ጠረጴዛ ይጠይቁ። የአራት ሰው ጠረጴዛ ጠባብ ነው፤ ከአንድ ባልና ሚስት ጋር ብቻዎን ከተገጣጠሙ ወሬው ሁሉ በእነርሱ ቤት ዙሪያ ይሽከረከራል። ነጻውን ሥርዓት ከመረጡም በሩ ላይ «ከሌሎች ጋር መቀመጥ እፈልጋለሁ» ይበሉ፤ ሳይጠይቁ አያስቀምጡዎትም። ቴፓንያኪ የሚባለው የጃፓን ምግብ ቤት ካለ ይሂዱ፤ ሰው የሚቀመጠው በአብሳዩ የጋለ ብረት ምጣድ ዙሪያ ተሰብስቦ ስለሆነ ብቻውን የመጣው ከሌሎች ጋር ከመጣው አይለይም። የደረሰዎት ጠረጴዛ ካልተስማማዎት በሁለተኛው ቀን ለአለቃው መንገር ነውር የለውም። ብዙ መርከቦች በዕለታዊ ፕሮግራማቸው ላይ ብቻቸውን ለሚጓዙ የመገናኛ ሰዓት ያወጣሉ። ይህ መገናኛ ግን ከመጀመሪያው እራት በፊት ቢሆን ነው የሚጠቅመው። በሦስተኛው ቀን ሲሆን ሰው ብቻውን መብላቱን ለምዶት ይቆያል።

በመጨረሻዎቹ ቀናት አዳራሹ ሲቀል የመጀመሪያውን ምሽት ሳህን ያነሳውን ወጣት አገኘሁትና «አንተስ የት ነው የምትበላው?» አልኩት። ከታች በሠራተኞች መመገቢያ፣ ሥራው ሲያልቅ፣ ከደረሰበት ሰው ጋር እንደሚበላ ነገረኝ። ውሉ ስምንት ወር ነው። ልጁ መራመድ የጀመረችው እርሱ ባሕር ላይ ሳለ ነው። ሳህኑን ከፊቴ ያነሳበትን ያን ምሽት አነሳሁለት። ትንሽ ዝም አለና «ከሥራዬ ሁሉ የማልወደው እርሱን ነው፤ ሰውየውን ቀና ብዬ ላለማየት እሞክራለሁ» አለኝ።

ከተመለስኩ ወዲህ ለሚቀጥለው ጉዞ ማስያዣውን ሞልቻለሁ። ከካቢኑ ዓይነት ቀጥሎ የእራት ፈረቃና የጠረጴዛ መጠን የሚመረጥበት ቦታ አለ። ሁለተኛውን ፈረቃ፣ የስምንት ሰው ጠረጴዛ መረጥኩ። መምህርቷም በዚያው ቀን እንደሚሳፈሩ ጽፈውልኛል።